ለሁሉም የሚሆን ሽጉጥ

ስሙኝማ… እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሐበሻ የሚሰበሰብበት ቡና ቤት ሁሉ ወሬው የታወቀ ነበር። የቤት ዋጋ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የአገር ቤት ፖለቲካ። አሁን አሁን አንድ ርዕስ ተጨምሯል፤ ሽጉጥ! «የትኛው ቶዮታ ነዳጅ ይቆጥባል?» በሚባልበት ድምፅ «የትኛው ሽጉጥ ይሻላል?» ይባላል። ጥያቄው ደግሞ አንድ መምህር ያስጠናቸው ይመስል ቅርጹ አንድ ነው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ለእግር ጉዞ ስወጣ የምይዘው፣ ማታ ቤቴን የሚጠብቅልኝ፣ አልፎ አልፎም ወገቤ ላይ ሻጥ የማደርገው አንድ አስተማማኝ ሪቮልቨር ንገሩኝ።»

መካሪ ደግሞ መቼ ይጠፋል! አገር ቤት እያለ የውሃ ሽጉጥ እንኳ በእጁ ያልነካ ሰው፣ እዚህ መጥቶ ሁለት ቅዳሜ ዒላማ ሲተኩስ ስለዋለ የጥይት ሊቅ ይሆናል። «ሪቮልቨር ግዛ» ይልሃል ማኪያቶውን እያማሰለ። «ካዝና የለው፣ ጣጣ የለው። ስድስት ጎራሽ ነው። አጉርሰህ መሳቢያ ውስጥ አሥር ዓመት ብትረሳው ያው ነው። ባወጣኸው ቀን ቃታውን መሳብ ብቻ! አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ደግመህ ስትስብ ቀጣዩ ራሱ ዞሮ ይመጣል። ሕፃን ልጅ እንኳ ይተኩሰዋል።»

ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ለፍትሕ ያህል፣ ምክሩ እንደ መሣሪያ ዕውቀት ከታየ ከንቱ አይደለም። የ.357 ማግነም ሪቮልቨር .38 ስፔሻል የሚባለውን ለስለስ ያለ ጥይትም ይተኩሳል። የሁለቱ ጥይት ውፍረት አንድ ነው፤ ልዩነቱ የማግነሙ ቀለህ በሦስት ሚሊ ሜትር ግድም መርዘሙ ላይ ነው። ስለዚህ በ.38 ትለማመዳለህ፣ ሲያስፈልግህ ማግነሙን ታጎርሳለህ። በተገላቢጦሽ ግን አይሠራም፤ በ.38 ሽጉጥ ማግነም አይጎረስም። አራት ኢንች አፈሙዝ ያለው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 686 ወይም ሩገር ጂፒ100 ብትገዛ መሣሪያው ካንተ ዕድሜ በላይ ይኖራል። ይህን ሁሉ አምናለሁ። ክርክሬ ከብረቱ ጋር አይደለም። ክርክሬ «ለሁሉም የሚሆን» ከሚለው ቅጽል ጋር ነው። ሦስት የማይገናኙ ጉዳዮችን በአንድ ገመድ አስሮ አንድ ብረት ላይ መስቀል ምን ማለት ነው? አንዱ ጉዳይ ከንቱ ስጋት ነው፣ አንዱ የሕግ ወጥመድ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ የሞት ሽረት ነው። ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ስንጠራቸው ሦስተኛው ከሁለቱ እኩል ቀላል ይመስላል።

እስቲ ጫካውን እናስቀድመው። የእኛ ሰው ጫካ ሲል ሼናንዶዋ ነው፣ ኦልድ ራግ ተራራ ነው፣ ግሬት ፎልስ ነው። በነዚህ አገሮች ያለው ድብ ጥቁሩ ድብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲሰማ ራሱ የሚሸሽ፣ ካንተ ይልቅ የምሳ ዕቃህን የሚወድ። ኦልድ ራግ ላይ ሰው የሚጎዳው ከቋጥኝ ተንሸራቶ፣ ውሃ ጨርሶ፣ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ነው። ከሣር ላይ የምትለጠፈው መዥገር ደግሞ ላይም የሚባለውን በሽታ ይዛ ትመጣለች፤ እሷን በማግነም አትመታትም። «አላስካ ብሄድስ?» የሚል አለ። አላስካ ከሄድክማ እዚያ ያለው ቡናማ ድብ ነው፤ አዋቂዎቹ .357 አነሰ፣ .44 ማግነም ያዝ ይሉሃል። «ለሁሉም የሚሆነው» ሽጉጥህ እዚያው ላይ ቀረ ማለት ነው። ደግሞስ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአላስካ ጥናት (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ከአንዱ በስተቀር በፈረንጅ ናቸው) ምን አገኘ? የበርበሬ መርጫ በቡናማ ድቦች ላይ ሲረጭ ከመቶ ዘጠና ሁለቱን ጊዜ አደብ አስገዝቷል። በርበሬ! የሐበሻ ልጅ በበርበሬ መተማመን አቅቶት ከአንድ ኪሎ ስኳር የሚከብድ ብረት ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ዳገት ሲወጣ ማየት… እኔ አልናገርም።

ጫካውን በዚህ እንተወው። ወደ ሁለተኛው፣ ወደ «አልፎ አልፎ መያዙ» እንሂድ።

ነገሩ እንዲህ የተስፋፋው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ከ1976 ጀምሮ ነዋሪው ቤቱ ውስጥ እንኳ ሽጉጥ እንዳያስገባ ከልክላ ኖራ ነበር። በ2008 ዲክ ሄለር የተባለ የጥበቃ ሠራተኛ ከሶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደና ረታ። ከዚያ በኋላ ሄዶ ያስመዘገበው መሣሪያም .22 ሪቮልቨር ነበር። በ2022 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ደጅ ይዞ መውጣትም መብት ነው አለ፤ ሜሪላንድም ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ጠያቂውን «በቂ ምክንያት አምጣ» ማለቷን ተወች። በሩ ሲከፈት ሰው ገባ። መግባቱን አልነቅፍም። የሌሊት ሱቅ የሚጠብቅ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ነዳጅ ማደያ የሚያድር ወገን ስንቱን እንዳየ አውቃለሁ። ፈርቶ ነው የሚገዛው፤ ፍርሃቱም የተፈጠረ አይደለም።

ግን እስቲ ሕጉን አብረን እናንብበው። የምትኖረው አሌክሳንድሪያ ነው እንበል። የቨርጂኒያ ፈቃድህን አውጥተሃል። ማታ መንገደኛ ጭነህ የፖቶማክን ድልድይ ተሻገርክ። ድልድዩን ለመሻገር አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም። ማዶ ስትደርስ ግን ፈቃድህ ተራ ካርቶን ነው። ዲሲ የሌላ ግዛት ፈቃድ አትቀበልም፤ ሜሪላንድም አትቀበልም። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ይዘህ ከተገኘህ «እኔ እኮ ፈቃድ አለኝ» ማለት አያድንህም። ግሬት ፎልስን ውሰዱ። ፏፏቴው አንድ ነው፤ ወዲህ ያለው ዳር ቨርጂኒያ፣ ወዲያ ያለው ሜሪላንድ። ከ2010 ወዲህ በብሔራዊ ፓርኮች ሽጉጥ መያዝ የሚፈቀደው ፓርኩ ያለበት ግዛት ሕግ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነውና፣ በአንድ ፏፏቴ በወዲህኛው ዳር ሕጋዊ የሆንከው ሰውዬ በወዲያኛው ዳር ወንጀለኛ ነህ። የፌዴራሉ ሕግ ለመንገደኛ የሚተውለት ቀዳዳ አለ፤ ጥይቱ ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ ግንድ ውስጥ ከተቀመጠና መነሻውም መድረሻውም ላይ መያዝ የሚፈቀድልህ ከሆነ። ግንድ ውስጥ የተቆለፈ ሽጉጥ ደግሞ ለያዝክበት ምክንያት ምን ይጠቅምሃል?

ኡበር የሚነዳውስ? ድርጅቱ ከ2015 ጀምሮ ሾፌርም ተሳፋሪም መሣሪያ እንዳይዝ ከልክሏል። ከተገኘብህ እንጀራህ ተዘጋ።

እሱም ይሁን፤ ሥራ ይገኛል። ከዚህ ሁሉ የከፋውን ግን በየቡና ቤቱ ከሚመክሩት አንዱ እንኳ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በመሣሪያ ሕግ ጥሰት ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር እንደሚችል ይናገራል። ግሪን ካርድ ያለው፣ ሃያ ዓመት ግብር የከፈለ፣ ልጆቹ እዚህ የተወለዱለት አባት ማለት ነው። ማንንም አልተኮሰም፣ ማንንም አላስፈራራም፤ ድልድይ ተሻገረ እንጂ። በዲቪ ዕጣ፣ በስንት ስለት፣ በስንት የኢሚግሬሽን ቀጠሮ የተገኘ ወረቀት በአንዲት የመኪና ፍተሻ አደጋ ላይ ይወድቃል። «አልፎ አልፎ» የምትለዋ ቃል የምታስፈራኝ ለዚህ ነው። ሁልጊዜ የሚይዝ ሰው ሕጉን ያውቃል፣ አፎቱን ያውቃል፣ ልማዱ ያደረገው ነገር ነው። አልፎ አልፎ የሚይዝ ሰው ግን ዛሬ ይዞ እንደሆነና እንዳልሆነ ራሱ ይረሳል። ከመኪና ወንበር ሥር ረስቶት ያድራል፤ ሌባ መስታወት ሰብሮ ይወስድለታል።

ስለ መሣሪያው ልክ አንድ ነገር ልጨምር። አራት ኢንቹ ሪቮልቨር ኪሎ ከመቶ ግራም ያህል ነው፤ በበጋ ሸሚዝ ሥር አይደበቅም። ስለዚህ ሻጩ ወደ ትንሿ ይወስድሃል። ሁለት ኢንች አፈሙዝ፣ አምስት ጎራሽ፣ አራት መቶ ምናምን ግራም። «ለባለቤትህም ትሆናለች፣ ቀላል ናት» ይላል። ቀላልነቷ ለመሸከም ነው እንጂ ለመተኮስ አይደለም! ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር ርግጫው ይብሳል፣ አፈሙዙ ባጠረ ቁጥር ማነጣጠሩ ይከብዳል፣ ቃታዋም ረጅምና ደንዳና ነው። ልምድ ላለው ሰው የምትሆነውን ሽጉጥ መርጠው ልምድ ለሌላት ሴት ይሰጧታል። እሷም አንዴ ተኩሳ መዳፏን ትይዝና «ሁለተኛ እንዳታሳየኝ» ትላለች። እንግዲህ ትልቁ አይደበቅም፣ ትንሹ አይመታም፣ መካከለኛው ደግሞ ከሦስት ያጣ ጎመን።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ሽጉጡ የሚውልበትም የሚያድርበትም ቤት ነው። ጫካ በዓመት አምስት ቀን ትሄዳለህ፤ ወገብህ ላይ በዓመት አሥር ቀን ትሻጠው ይሆናል። የቀረውን ሦስት መቶ ሃምሳ ቀን መሳቢያህ ውስጥ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «የትኛው ሽጉጥ?» ሳይሆን «ከሽጉጡ ጋር ማን ነው የሚውለው?» የሚል ነበር። የእኛን ቤት አኗኗር ደግሞ እናውቀዋለን። አባት አሥራ አራት ሰዓት ይነዳል። እናት የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ቀን ትተኛለች። ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ይገባል። ያ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ፣ በአማርኛ የሚያስበውን መናገር የማይችል፣ በእንግሊዝኛ ቢናገር ደግሞ ወላጁ የማይረዳው ልጅ፣ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ብቻውን ነው። ሽጉጡ ከባለቤቱ ይልቅ ከልጁ ጋር ብዙ ሰዓት ያሳልፋል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የመዘገበውን እንይ። በ2023 በዚህ አገር በጥይት የሞተው ሰው 46,728 ነው። ከነዚህ ውስጥ በሌላ ሰው የተገደለው 18,000 አይሞላም። 27,300ው ራሱን ያጠፋ ነው። በሩን ሰብሮ ይገባል ብለን የምንፈራው ሌባ፣ ጎዳና ላይ ያደፍጣል የምንለው ማጅራት መቺ፣ ዜናው በየማታው የሚያሳየን ጅምላ ገዳይ፣ ሁሉም ተደምረው ሰው በገዛ ሽጉጡ ወይም በቤተሰቡ ሽጉጥ በራሱ ላይ የሚያደርሰውን አያክሉም። በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ሃያ ስድስት ሚሊዮን የካሊፎርኒያ ነዋሪዎችን ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ወንዶች ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ሽጉጥ ያላቸው ሴቶች ደግሞ ከሌላቸው ሴቶች ከሰባት እጥፍ በላይ ራሳቸውን እንዳጠፉ አገኘ። «እነሱ እኮ ለዚያው ብለው የገዙት ናቸው» ይባል ይሆናል። እንዲህ ያሉም አሉበት። ነገር ግን በሽጉጥ ራሳቸውን ካጠፉት ባለቤቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያጠፉት ሽጉጡን ከገዙ ከዓመት በኋላ ነው። ሲገዙት ለሌባ ነበር። ለጫካ ነበር። አልፎ አልፎ ለመያዝ ነበር።

ከባለ ሽጉጥ ጋር የሚኖሩትስ? ያው የተመራማሪዎች ቡድን በ2022 እነሱንም አጥንቷል። ራሳቸው ሽጉጥ የሌላቸው ግን ከባለ ሽጉጥ ጋር አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች በትዳር ጓደኛቸው ወይም በፍቅረኛቸው ጥይት ቤታቸው ውስጥ የመገደላቸው ዕድል ከሌላው ሰባት እጥፍ በልጦ ተገኘ። አብዛኞቹ ሟቾች ሴቶች ናቸው። «ሚስቴን ለመጠበቅ» ብሎ የሚገዛ ሰው ይህን ቁጥር ከጥይቱ ዋጋ ጋር አብሮ ያንብበው።

እንግዲህ ያዙልኝ ያልኳችሁን ዓረፍተ ነገር አምጡት። «ሕፃን ልጅ እንኳ ይተኩሰዋል።» መካሪያችን እንደ ምስጋና ነበር ያላት። እውነቱንም ነው! በ1995 የታተመ ጥናት የሕፃናትን የጣት ጉልበት ለክቶ፣ ከሦስትና ከአራት ዓመት ልጆች ከአራቱ አንዱ፣ ከአምስትና ከስድስት ዓመቶቹ ደግሞ አብዛኞቹ ገበያ ላይ ያሉ ብዙዎቹን ሽጉጦች ቃታ መሳብ እንደሚችሉ አሳይቷል። ሪቮልቨር በእጅ የሚዘጋ ማቆሚያ የለውም። ካዝና አውጥቼ ለየብቻ ላስቀምጠው የሚባልም አይደለም። አጉርሰህ የምትተወው፣ የማይረሳ፣ የማይነክስ፣ በማንኛውም እጅ በማንኛውም ሰዓት የሚታዘዝ መሣሪያ ነው። እኔ የምለው፣ ሪቮልቨርን ያስመሰገኑት ባሕርዮች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ያው የከፋው ሌሊት ላይ የሚፈረዱብን ባሕርዮች አይደሉም እንዴ? ሌባው ሲመጣ ሳያስቸግር የሚታዘዘው ሽጉጥ፣ ፈተና የወደቀው ልጅ ሲመጣም አያስቸግርም። ፍቺ የደረሰበት ባል ሲመጣም አያስቸግርም። ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ አጥታ ማንም ያላስተዋላት እናት ስትመጣም እንዲሁ።

ያ ሌሊት ደግሞ አጭር ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሂውስተን ላይ ራሳቸውን ሊያጠፉ ሞክረው ከሞት የተረፉ ወጣቶች ተጠይቀው ነበር፤ ከአራቱ አንድ ያህሉ ካሰቡበት እስከሞከሩበት አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም ብለዋል። አምስት ደቂቃ! በሌላ መንገድ የሞከረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ከተረፉት ውስጥም አብዛኞቹ ኋላ በሌላ ምክንያት፣ በዕድሜያቸው ነው የሚሞቱት። ሽጉጥ የሞከረ ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አይመለስም። ልዩነቱ ያለው ከሐዘኑ ጥልቀት ላይ አይደለም፤ በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ እጅ የሚያገኘው ነገር ላይ ነው። ዝግ ሳጥን ማለት ጨምሮ የሚሰጥ አምስት ደቂቃ ማለት ነው።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ የእኛ ሰው ራሱን አያጠፋም» የሚል ድምፅ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ይሰማኛል። አያጠፋም? በታሪካችን ከአጼ ቴዎድሮስ ሽጉጥ የበለጠ ዝነኛ ሽጉጥ የለንም። ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የመጣ ስጦታ ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተኮሰው በባለቤቱ ላይ ነው። እንግሊዞቹ ላይ አይደለም። ያን ሞት በልጅነታችን ተምረነዋል፣ በሥዕል አይተነዋል። የጎረቤታችንን ግን «ልቡን ነው»፣ «በድንገት ነው» ብለን እንቀብራለን። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ስለምናውቅ ቤተሰቡ ቢደብቅ አይፈረድበትም። እኛ ለቀስተኞቹ ግን ለቤተሰቡ ክብር ስንል ዝም እንላለን፤ ከዚያ ዝምታ የተነሳ ቀጣዩ አባት ሽጉጡን ሲገዛ የሚነግረው ሰው ያጣል። የሚነግሩት ስለ አፈሙዝ ርዝመት ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ሽጉጥ የሚባል አትግዙ» ብዬ ብጽፍ የሚሰማኝ የለም፤ ለሌሊቱ ሱቅ ጠባቂም ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ ለሚገዛው ልናገር። ጫካውን ተወው፣ በርበሬህን ያዝ። ወገብህን ተወው፤ ድልድይ የምትሻገር ከሆንክና ዜጋ ካልሆንክ ደግሞ ከጠበቃ ሳትመክር አታስበው። ለቤት ብቻ ከሆነ የፈለግከውን አራት ኢንች ሪቮልቨር ግዛ፣ .38 አጉርሰው። ማግነም በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ ከተተኮሰ ድምፁ ከመቶ ሃምሳ ዴሲቤል በላይ ነው፤ ጆሮህን ይወስደዋል። የአሜሪካ ቤት ግድግዳም ጂብሰም ነው፤ ከማዶ የተኛው ልጅህ ወይም የጎረቤትህ ልጅ ነው። ከሽጉጡ በፊት ግን ሳጥኑን ግዛ። አልጋህ አጠገብ በብሎን የሚታሰር፣ በጣትህ ቁጥር ነክተህ በሰከንዶች የሚከፈት የብረት ሳጥን አለ። ለሽጉጡ ሺህ ዶላር የሚጠጋ ያወጣ ሰው ለሳጥኑ መቶ ምናምን ዶላር ሲከራከር ማየት ያሳፍራል። ከ2005ቱ ሕግ ወዲህ ሻጭ ከሽጉጥ ጋር መቆለፊያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሁላችሁም ተሰጥቷችኋል። የት ነው ያለው? ከነላስቲኩ ጋራዥ ውስጥ፣ ከክረምት ጎማው ሥር! የሳጥኑንም ቁጥር የልጅህን የልደት ቀን አታድርገው፤ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱኑ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ መተው ራሱ ወንጀል ነው። ሕጉ ባይኖርም ግን…

ቤት ውስጥ አንድ ሰው ከፍቶት ሲታይ ሳጥኑም አይበቃም፤ ሽጉጡ ከቤት ይውጣ። ይህ የፈረንጅ ሐሳብ አይደለም። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ሰው ሲቆጣ ወይም ከባድ መርዶ ሲረዳ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ጠመንጃውን ከእጁ መቀበል ነው። «ፈሪ ነህ» ተብሎ አይደለም፣ «እብድ ነህ» ተብሎም አይደለም። ነገ መልሶ ይቀበለዋል። ያን ልማድ ከሻንጣችን አውጥተን ጥለን ጠመንጃውን ብቻ ይዘን አሜሪካ የገባን ይመስለኛል። እዚህ ሕጉም አለ፤ ሜሪላንድ ከ2018፣ ቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሊያደርስ ነው የተባለ ሰው መሣሪያውን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው እንዲያስረክብ ያደርጋሉ። ግን ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ጓደኛ አለ፣ ወንድም አለ፣ የንስሐ አባት አለ። 988 ብሎ መደወልም አለ፤ ከ2022 ጀምሮ ሌት ተቀን ክፍት ነው፣ አስተርጓሚም ያገናኛሉ።

ሽማግሌዎቻችንን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ባልና ሚስት ተጣልተው ስትጠሩ ስለ ገንዘቡ ትጠይቃላችሁ፣ ስለ ዘመዱ ትጠይቃላችሁ፣ ማን ምን እንዳለ ቃል በቃል ታስደግማላችሁ። ከሁሉ አስቀድማችሁ፣ ቡናው ሳይቀዳ፣ «ቤት ውስጥ ሽጉጥ አለ ወይ? ቁልፉ በማን እጅ ነው?» በሉ። አለ ከተባለ ጨዋታው ይቆይ። አንዳንድ ሽጉጥ መሸጫዎችና ፖሊስ ጣቢያዎች ለጊዜው ተቀብለው ያስቀምጣሉ፤ ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ ቀድማችሁ ደውላችሁ የቅርቡን ጠይቁ። ስልክ ቁጥሩን ጽፎ በኪሱ የያዘ አንድ ሽማግሌ ከመካከላችሁ ይኑር።